በጌጃ ሰፈር ላሞች ሁሉ ወንድ የወለዱበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው መቅደስ በላስቲክ ዕቃ እንገር አመጣችልኝ። ወላጆቿ ሱሉልታ ላም አላቸው፤ ልትጠይቃቸው ሄዳ ስትመለስ “እማማ አስካለ፣ ይወዱት ይሆናል ብዬ ነው” ብላ ክዳኑን ከፈተችልኝ። እንገር ማለት ላም እንደወለደች መጀመሪያ የሚታለበው ወፍራም ቢጫ ወተት ነው። እሳት ላይ ሲጣድ ይረጋል፣ ጨው ጣል ይደረግበትና በማንኪያ ይበላል። ካየሁት ስንት ዘመኔ። አንድ ማንኪያ አፌ ውስጥ አደረግኩና መዋጥ አቃተኝ። መቅደስ ደነገጠች፤ የተበላሸ መሰላት። “ኧረ ደህና ነው ልጄ፣ ጥርሴ ነው” አልኳት። ጥርሴ አልነበረም።

የምኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ የልጄ ነው፤ እኔ መስኮቱን ነው የምጠብቅለት። ቁልቁል ሳይ አሸዋ የሚያራግፍ ከባድ መኪና፣ የመስታወት ሕንፃ፣ ጃንጥላ የዘረጋ ካርድ ሻጭ ይታየኛል። ዛሬ ልጆቹ ሰንጋ ተራ ሲሉ የታክሲ መውረጃ ነው። እኔ ግን የከብቱ ገበያ ከዚህ ከተነሣ በኋላ እንኳ በክረምት ጭቃው የበሬ ኮቴ እየያዘ፣ በመስከረም ፀሐይ እንዳለ ሲደርቅ ትዝ ይለኛል። በባዶ እግር ሲረግጡት ያማል።

ያደግኩት ከዚህ እልፍ ብሎ ጌጃ ሰፈር ነው። ያኔ ከተማ መሐል ላም ማርባት ነውር አልነበረም። ከጭቃው ቤት ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች በረት፣ በረቷ ውስጥ አንድ ወይ ሁለት ላም። ጧት ወተቱን በጠርሙስ ለየደጁ ማድረስ፣ ከሰዓት ከጠላ ሻጮች አተላ መለመን፣ ከወፍጮ ቤት ፍሩሽካ መሸከም። ትምህርት ቤት አልተላክሁም። ፊደል የለየሁት ኋላ ልጆቼ ደብተር ላይ ተደፍቼ ነው። የላም ፊት ማንበብ ግን ከዚያ በፊት አውቅ ነበር፤ ጆሮዋን እንዴት እንደጣለች አይቼ ዛሬ ወተት ትከለክላለች አትከለክልም እል ነበር፣ ብዙም አልሳሳትም።

ላም ያለን ቤቶች ሃያ አንሞላም። የላም ማኅበር ነበረን። በወር አንድ እሑድ በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እርጎ በጣሳ ይዞራል፣ ቆሎ ይቆረጠማል፣ ወንዙ ዳር ስለሚጋጥ ሣር ይጨቃጨቃሉ። የማኅበሩ ዳኛ አባቴ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲናገር ሰው እርጎውን አስቀምጦ የሚያዳምጠው ሰው። ከማኅበሩ ደንብ ሁሉ የሚከበረው አንድ ነው። የማንም ላም ብትሞት፣ ከዚያ በኋላ በማኅበርተኛው ቤት መጀመሪያ የምትወለደው ሴት ጥጃ ለዚያ ቤት ትሰጣለች። ወንድ አይቆጠርም፤ ወንድ አይታለብ። ሴቷ ጡት እስክትጥል እናቷ ዘንድ ትቆይና አንገቷ ላይ ገመድ ገብቶ ትሄዳለች፤ ሰጪው ቤት ቅር አይለውም፣ ነገ በእሱም ነውና። እኔ ራሴ ሁለት ጥጃዎች እንዲህ ሲሄዱ አይቻለሁ።

ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ግቢ የእትዬ ዘይነባ ነበረች። ከወሎ የመጡ ናቸው። ባላቸው የከብት ደላላ ነበሩ፤ ሲሞቱ የተዉላቸው ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆችና ቦራ የምትባል ላም ነው። ቦራ ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ እንደ ሊጥ ጠብታ ነጭ አላት። በአንዷ ጡት ልጆቹን ያጠጣሉ፣ የሦስቱን ይሸጣሉ ብለን እንቀልድ ነበር። ማለብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ችኩል ስለነበረች እጇ ያስደነግጣል። እትዬ ዘይነባ ግን ከኋላዬ ተንበርክከው ጣቶቼን በጣቶቻቸው ይዘው፣ “አትጎትቺ፣ ለምኚያት” ይሉኝ ነበር። እስክለምድ ድረስ ቦራ አንድ ቀን አልረገጠችኝም።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ በክረምት የሰፈሩ ልጆች ሳል ያዛቸው። ሁሌም ክረምት ልጆች ያስላሉ። በዚያ ዓመት ግን ከላሞቹ ሳንባ የመጣ ነው፣ በወተት ነው የሚተላለፈው የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው ውሎ አድሮ አንድ ጽሕፈት ቤት ደረሰና እስከ መስከረም ድረስ ላሞቻችሁን ከከተማ አውጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። የት እናውጣቸው? መሬት ያለው ሰው ድሮም ጌጃ ሰፈር አይኖርም።

አባቴና ማኅበርተኞቹ ነጭ ነጠላቸውን እየለበሱ በዝናብ ደጅ መጥናት ጀመሩ። አቤቱታውን የጻፈላቸው ራፖር ጸሐፊ “ድምፅ የሌላቸው እንስሳትና ድምፅ ያላቸው ድሆች” ብሎ ጀምሮት ነበር፤ አባቴ ያቺን መስመር በቃሉ ይዞ ማታ ለእናቴ ይደጋግምላታል። እንዲህ ሲመላለሱ አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱ ሹም ራሱ በረንዳ ላይ አገኛቸው። ላሞቻችን ጤነኞች ናቸው ሲሉት፣ ወደ መኪናው እየሄደ፣ “እንግዲያው አንዷን እረዱና ሳንባዋን አምጡልኝ፤ ንጹሕ ከሆነ አምናችኋለሁ” አላቸው።

አሁን ሳስበው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። የእኛ ሰዎች ግን ዘመናቸውን ሁሉ ደጅ ሲጠኑ የኖሩ ናቸው። ሹም የተናገረው ነገር ቀልድ ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም። እንደ ፍርድ ተቀብለውት መጡ።

ስብሰባው እኛ ቤት ሆነ። እርጎውን የማዞረው እኔ ስለነበርኩ ሁሉን ሰማሁ። የማን ላም ትታረድ? አንዱ ዕጣ ይጣል አለ። አባቴ ዕጣ ዕውር ነው፣ የምታጠባ ላም ብትወጣስ አለ። ከዚያ በዙሪያው የተቀመጡትን እያየ፣ ያረጀችው የማን ናት ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ያውቁታል። ቦራ ሰባት ወልዳለች። ግን ደግሞ እርጅና ብቻ አልነበረም፤ በዕድሜ ከእሷ የምትበልጥ የጋሼ ደበላ ላም ነበረች። ጋሼ ደበላ ቀልደኛ፣ አፉ የማይያዝ ሰው ስለሆነ ማንም እሱን አልነካም። እትዬ ዘይነባ ደግሞ በሩ ሥር ነው የተቀመጡት፤ ወንድ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው።

እሳቸው ራሳቸው፣ “ደንቡ ደንብ ነው አይደል?” አሉ።

“ደንብ ነው” አለ አባቴ። “ቀጥላ የምትወለደው ሴት ጥጃ የአንቺ ናት። የማንም ትሁን የማን።”

“እንግዲያው ውሰዷት። የሁሉም ላም ከሚሄድ የኔ ትሂድ።”

ሌላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእስላም እጅ እንድትታረድ፣ ልጆቻቸው ከሥጋዋ እንዲቀምሱ። አባቴ አንገራገረ። ሳንባውን ተሸክመን ሹም ፊት የምንቆመው እኛ ነን፣ በእኛው እጅ ትታረድ አለ፤ እንዳለውም ሆነ። ምክንያቱ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። የገባኝ፣ ከማኅበሩ የእስላም ቤት ሦስት ብቻ እንደነበረና ፍልሰታ የተፈታ ሰሞን መሆኑን ነው። ሁለት ሳምንት ጾመን ሥጋ አምሮናል።

ጧት ወንዶቹ ሊወስዷት ሲመጡ ቦራ እግሯን ተክላ እምቢ አለች። እትዬ ዘይነባ እኔን ጠሩኝ። “ካንቺ ጋር ትሄዳለች” ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ ጭብጥ ፍሩሽካ መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። እሳቸው አልመጡም። እኔ ፊት ፊት፣ እሷ እጄን እየላሰች ወንዙ ዳር ድረስ ተከተለችኝ። ምላሷ ሻካራ ነው፤ እጄ እስኪሞቅ ላሰችው። ፍሩሽካው አልቆም ትልሰው ነበር።

ሳንባዋ ንጹሕ ነበር። ጋሼ ደበላ በሁለት እጁ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያገላብጠው አንዲት ነጥብ የለበትም። ሴቶቹ እልል አሉ። ሥጋው እዚያው ሣር ላይ መደብ መደብ ሆኖ ለክርስቲያኑ ቤቶች ተከፈለ። ለእትዬ ዘይነባ ቆዳው ተሰጣቸው። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ጥብስ ጥብስ ሸተተ፤ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው አጥራችን ሥር ቁጢጥ ብለው ሲያሸቱ አየኋቸው። እኔም በላሁ። ጣፋጭ ነበር ብል ምን ትሉኛላችሁ? ግን ጣፋጭ ነበር።

ሳንባውን በሳፋ አድርገው፣ ነጠላ አልብሰው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ሹሙ በረንዳ ላይ ወጣ፣ ነጠላው ሲገለጥ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። ምንድን ነው ይሄ አለ። አባቴ ነገረው። ሰውየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። “እኔ እኮ ቀልዴን ነው” አላቸው። ከዚያ በሉ ውሰዱልኝ፣ በረታችሁን በደንብ አጥሩ፣ ጭቃችሁን ጥረጉ አለና ገባ። ትእዛዙን ከዚያ ወዲያ ያነሣው የለም። መስከረም ጠባ፣ ላሞቹ እዚያው ቀሩ። አቤቱታችን ሠመረ ተባለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሼ ደበላ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ እንደ ሹሙ እየተራመደ “እኔ እኮ ቀልዴን ነው” ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መሆኑን እትዬ ዘይነባ የሰሙት ያኔ ነው። በሩ ሥር ተቀምጠው ጣሳቸውን ይዘው ቆዩ። ኋላ እሳቸውም ፈገግ አሉ። “ይሁና፣ ጥጃዬን እጠብቃለሁ” አሉ።

ቀጥላ የምትወልደው የእኛ ላም ዳማ ነበረች።

አባቴን ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልጽፍም። ለእኔ ክፉ አልነበረም። ዳማ አራት ጊዜ ወልዳ አራቱም ወንድ ሆኖበታል። ምትክ የምትሆን ጊደር ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ ዳማ ስትከብድ ጎኗ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የሚያዳምጥ።

የጥቅምት ጧት ነው፤ ብርዱ ትንፋሽ ያስታያል። ጥጃዋ ስትወጣ የያዝናት እሱና እኔ ነን። በጭድ አበስኳት። አባቴ ጭራዋን አንሥቶ አየ። ደግሞ አየ።

“ወንድ ነው” አለኝ።

የጨለመበት መስሎኝ፣ “አባባ፣ ሴት ናት እኮ” አልኩት።

“ወንድ ነው አልኩሽ።” አልተቆጣም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ እንደሚለምን። ከዚያ ጆንያ አልብሶ ራሱ አቅፎ ወደ ጓዳ አስገባት።

አዲስ ጥጃ ሰባት ቀን ሳይሞላው የውጭ ሰው አያየውም ነበር፤ ዓይን ይወጋዋል ይባላል። ስለዚህ ምን ወለደች ተብሎ ባለቤቱ ይጠየቃል፣ የተናገረው ይታመናል። ዓይን የፈራ ሁሉ ምላስን እንዲያምን የተሠራ ልማድ። እንገሩን እናቴ አፈላችው፣ በየጣሳው አድርገን ለማኅበርተኛው አዳረስን። የተላከበት ጣሳ ሳይታጠብ፣ ለምለም ሣር ተጨምሮበት ነው የሚመለሰው፤ ላሟ እንዳትነጥፍ ምርቃት ነው።

እትዬ ዘይነባ ጣሳቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ። ሌላ ሰው ጥቂት ሣር ነው የሚያደርገው፤ እሳቸው ግን ጣሳውን ሞልተው በብብታቸውም አንድ ሸክም አጭደው ነበር፤ ለጥጃዋ እናት። “እንቦሳ እሰሩ” ብለው ገቡ። ሣሩን ለዳማ ሰጧት። ከዚያ እኔን በአገጫቸው ጠርተው በሩ ጥግ ወሰዱኝ።

“አባትሽን አልጠይቅም፤ ዳኛ አይጠየቅም” አሉኝ። “አንቺን ግን እኔ ነኝ ጡት ያስያዝኩሽ። ምን ወለደች?”

አባቴ በረቱ ደጃፍ ተንበርክኮ ማጭድ ይስል ነበር። ቀና አላለም። የሞረዱ ድምፅ ግን ቆመ።

“ወንድ ነው፣ እትዬ።”

እንድምል አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ፊቴን ትንሽ ሲያዩኝ ቆዩ፣ ጉንጬን ነካ አደረጉኝ። “አብሽሪ” አሉኝ፣ እኔን። “አላህ ያሳድገው። የሚቀጥለው ሴት ይሆናላ።” ሲወጡ ሞረዱ እንደገና ድምፅ ማሰማት ጀመረ።

የሚቀጥለውም ሴት አልሆነም። ከእኛ በኋላ የጋሼ ደበላ ላም ወለደች፤ ወንድ ነው ተባለ። ከዚያ ሌላ ቤት፣ ወንድ። ሌላ ቤት፣ ወንድ። አባቴ የሠራውን ያወቀ ይኑር አይኑር እንጃ፤ የላም ሰው ግን ጠረኑን ያውቀዋል። በዚያ ዓመት በጌጃ ሰፈር የወለደች ላም ሁሉ ወንድ ወለደች። በየጓዳው ግን ማንም የማያያቸው ጥጃዎች ይጮኹ ነበር። በአንዱ እሑድ እኛ ቤት ሲሰበሰቡ ጋሼ ደበላ እርጎውን እየጠጣ፣ “ዘንድሮ እግዜር ያዘዘው ሰንጋ ነው መሰለኝ፣ የገበያውን ስም ሊያስጠራ” አለ። ሁሉም ሳቁ። እትዬ ዘይነባን እያዩ ነው የሳቁት። ከዚያ አንዱ፣ ላም የሌለው ሰው በላም ማኅበር ምን ይሠራል የሚል ነገር አነሣ። አባቴ ዳኛው መሬት መሬት እያየ፣ እውነት ነው፣ ደንቡ ላም ላለው ነው አለ። እትዬ ዘይነባ ጣሳቸውን በሩ ሥር በቀስታ አስቀመጡና ወጡ። ደንብ ነው አይደል ብለው የጠየቁት እዚያችው ቦታ ተቀምጠው ነበር።

የእኛዋን ጡት እንደጣለች አባቴ ሰበታ ለወንድሙ ላካት። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ጊደር ሆና፣ ገዛናት ተብላ ተመለሰች። ስጦታ ብሎ ስም አወጣላት።

እትዬ ዘይነባ በዚያን ጊዜ ከየበረቱ እበት እየሰበሰቡ ኩበት እየጠፈጠፉ ይሸጡ ነበር። የእኛንም ይወስዱ ነበር። አንድ ጧት ቅርጫታቸውን ተሸክመው ሲገቡ ስጦታ ደጅ ታስራለች። ቅርጫቱን አወረዱ። ቀረብ ብለው ግንባሯን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ጆሮዋን በጣታቸው ለኩት፣ ወደ ዳማ ዞረው አዩ፣ ወደ እሷ ዞሩ። እኔ ማለቢያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

“ከየት ገዛችኋት?”

“ከሰበታ።”

“እናቷን ቁርጥ” አሉ።

እበቱን በእጃቸው እየዛቁ ቅርጫታቸውን ሞሉ፤ ከስጦታ ሥር ያለውንም ጨምረው። አሸክሚኝ አሉኝ፣ አሸከምኳቸው። እኔ ስዳር አባቴ ከስጦታ የተወለደች ጊደር ሰጠኝ፤ ልጆቼ የጠጡት ወተት ከዚያ ዘር ነው። እትዬ ዘይነባ ከሰፈሩ መቼ እንደወጡ እንኳ ልብ አላልኩም። አንድ ቀን ግቢያቸው ውስጥ ሌላ ሰው ልብስ ሲያሰጣ አየሁ፣ በቃ።

ሽማግሌ ሲሆን ሰው ሁሉን ይቅር ይላል ይባላል። ራስን ጨምሮ ነው? እኔ አባቴን ይቅር ካልኩት ቆየሁ፤ ጊደር የተመኘ ድሃ ነበር። ሹሙንም፣ ጋሼ ደበላንም። ያቺን በሩ ጥግ የቆመችውን ልጅ ነው ምን እንደማደርጋት የማላውቀው። ማንም አልመታት፣ ማንም አላስፈራራት። የሞረድ ድምፅ ስለቆመ ብቻ ዋሸች።

ትናንት መቅደስ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። አላጠብኩትም። ታች የመኪና ማቆሚያው ዳር ወርጄ ጥቂት ሣር ነቅዬ አድርጌበታለሁ፤ ዘበኛው እንኳ “እማማ፣ ለአበባው የተተከለ ነው” ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። መቅደስ ሣሩን አይታ ሳቀች፤ እኔ ላሟ እንዳትነጥፍ ነው አልኳት። ከዚያ ሳላስበው፣ “ጥጃው ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኳት።

“እንጃ እማማ፣ አልጠየቅኩም። ምን ለውጥ አለው?”

ፊቴን ስታይ ግን ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋር ደወለች። ከበስተጀርባ ላም ትጮኻለች። እናትየዋ ሳትጠብቅ መለሰችላት፤ መቅደስ ወደ እኔ ዞራ፣ “ሴት ናት!” አለችኝና ዕቃዋን ከነሣሩ ይዛ ደረጃውን ወረደች።

በሩን ዘግቼ ቆምኩ። ታች አሸዋ የሚያራግፈው መኪና ሞተሩን አጠፋ፣ ጸጥ አለ። “ሴት ናት፣ እትዬ” አልኩ። አፌ ላይ ምንም አይከብድም ነበር።